ግድግዳውም ያስታምማል

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤች አይ ቪ/ኤድስ ክበባት አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ ሰው ስለ ኤች አይ ቪ/ኤድስ ለመናገር መድረክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። መተላለፊያ መንገዶቹን፣ መከላከያ ዘዴዎቹን፣ የምርመራን ጥቅም እየሰማችሁ ነው ያደጋችሁት። ይህ ሁሉ ዛሬም አስፈላጊ ነው፤ ቢደጋገምም አይጎዳም። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። ስለ ግድግዳ! አዎ፣ ስለ ሆስፒታል ግድግዳ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" የሚል ፊት ከወዲያ ይታየኛል። ቆይ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እስቲ ሁላችሁም ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ። ካርድ አወጣችሁ፤ ወረፋ ያዛችሁ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጣችሁ። ከዚያስ ዓይናችሁ የት አረፈ? እስከ ወገቡ በዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ፣ "ፀጥታ ይከበር" በሚል ጽሑፍ ላይ፣ ጥጉ በተላጠ የበሽታ ፖስተር ላይ። አንድ ሰዓት ጠብቆ ለሚመለስ ሰው ይህ ቢያሰለች ነው። ሦስት ሳምንት ወይም ሁለት ወር የተኛ ሕመምተኛስ? እሱ ግድግዳውን በቃሉ ያውቀዋል። የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የቱ ጋ ዝናብ እንዳስገባ፣ የጠዋት ፀሐይ የቱ ጋ እንደምታርፍ ሁሉ ይነግራችኋል። አስታማሚው ቴርሞሱን ይዞ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ዙሩን ጨርሶ ሲሄድ፣ አብሮት የሚቀረው ግድግዳው ነው።

ታዲያ እዚያ ግድግዳ ላይ ከእሱ በፊት እዚያው አልጋ ላይ የተኛ ሰው የሣለው ሥዕል ቢሰቀልስ? ወይም እሱ ራሱ የሣለው? ይህ ቅንጦት ነው ወይስ የማስታመም ሥራ አካል? ሥዕሉንስ ማን ይሰቅላል? በማን ፈቃድ? የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ነው።

ከአልጋ ላይ የተጀመረ ሥራ

ታሪኩን ከሳንባ ነቀርሳ እንጀምር። ስሙ ከኤች አይ ቪ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነሳ በሽታ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1938 አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓሊ በሳንባ ነቀርሳ ታመመ። በዚያን ጊዜ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ስለዚህ ሕክምናው ረጅም ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ነበር። ሂልም በደቡብ እንግሊዝ ሚድኸርስት በሚባል ቦታ ወደሚገኝ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ገባ። ወራት ሙሉ ተኝቶ ጣሪያ ማየት!

ሰውየው ሰዓሊ ነውና እርሳስና ወረቀት አስመጣ። በአልጋው ዙሪያ ያገኘውን ነገር ሁሉ መሣል ጀመረ። ቀኑ ቶሎ እየመሸለት፣ አእምሮውም ከበሽታው ላይ እየተነሳ መሄዱን አስተዋለ። በቀጣዩ ዓመት ጦርነት ተነሣ። ቁስለኛ ወታደሮችም ወደ ማረፊያው መምጣት ሲጀምሩ ሂል ሥዕል እንዲያስተምራቸው ተጠየቀ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወታቸው ብሩሽ ጨብጠው አያውቁም። ሆኖም ሣሉ። ያዩትን የጦርነት ሰቆቃ በቃል መናገር ያቃታቸው ሰዎች በሥዕል አወጡት። ሂል እ.ኤ.አ. በ1942 ለዚህ ሥራ "የሥዕል ሕክምና" የሚል ስም አወጣለት። በ1945ም ስለ ሥራው መጽሐፍ ጻፈ። ከቀይ መስቀል ጋር በመሆንም ሥዕሎች እየዞሩ በሆስፒታል ክፍሎች እንዲሰቀሉ የሚያደርግ አገልግሎት እንዲቋቋም ረዳ። እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሥዕሉ ተውሶ ይመጣል፤ ሕሙማኑ ያዩታል፤ ይወያዩበታል፤ ከዚያ በሌላ ይተካል።

ልብ በሉ! ሂል "ሥዕል ሳንባ ነቀርሳን ይገድላል" አላለም። መድኃኒቱ ሲገኝ በሽታውን ያሸነፈው መድኃኒቱ ነው። ሥዕሉ ያገዘው ሕመምተኛውን ነው። በሽታውና ሕመምተኛው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከያዛችሁልኝ የዛሬውን ትምህርት ግማሹን ጨረሳችሁ ማለት ነው።

"ሕመምተኛ" የሚለው ስም ሲከብድ

አሁን ደግሞ ወደ ብራዚል እንሻገር። ዶክተር ኒዚ ዳ ሲልቬይራ የተባሉ ሴት የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በ1936 በፖለቲካ ምክንያት ታስረው ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆይተዋል። በ1944 ወደ መንግሥት ሥራ ሲመለሱ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ በሚገኝ ትልቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተመደቡ። በዚያ ዘመን ሕሙማኑን በኤሌክትሪክ ንዝረት ማከም፣ የአንጎልን ክፍል በቀዶ ሕክምና መቁረጥ የተለመደ ነበር። ዶክተሯ "እኔ ይህን አላደርግም" አሉ። ታዲያ ምን ይሥሩ? በጊዜው እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ የነበረው የሙያ ማለማመጃ ክፍል ተሰጣቸው። በ1946 እዚያ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ክፍል ከፈቱ።

ዓመታት ሙሉ ቃል ያልተነፈሱ ሰዎች መሣል ጀመሩ። ዶክተሯ ሥዕሎቹን አልጣሉም፤ መዝግበው አስቀመጡ። በ1952 እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሙዚየም ከፈቱላቸው። ይህ ሙዚየም ዛሬም አለ። ከ350,000 በላይ ሥራዎችን ይዟል። ከሕሙማኑ መካከል እንደ ፌርናንዶ ዲኒስና አዴሊና ጎሜስ ያሉት በአገራቸው የታወቁ ሠዓሊዎች ለመሆን በቅተዋል። ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊዘርላንድ ዙሪክ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ የአእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ቀርበዋል።

ከዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ዶክተር ኒዚ "ሕመምተኛ" የሚለውን ቃል አይወዱትም ነበር። "ደንበኞቼ" ነበር የሚሏቸው። ለምን መሰላችሁ? አንድ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ብዙ ስሞቹ በር ላይ ይቀራሉ። ውጪ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት ነበር፤ የሰፈሩ የእድር ጸሐፊ ነበር። ውስጥ ሲገባ "አልጋ ቁጥር 7" ይሆናል። የሣለው ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን አንድ ስም ይመለስለታል። ሥራውን የሚያየው ነርስ "ይህን ማን ሠራው?" ብሎ ይጠይቃል። "ምን ያምሃል?" ብቻ ሲባል ለከረመ ሰው ይህ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው።

በኤች አይ ቪ ጉዳይም ያው ነው። "ኤድሳም" የሚለውን ክፉ ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቃሉ ሰውየውን በሽታው ውስጥ ቀብሮ ያስቀረዋል። መገለል የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዓይን የሚያየው ነገር አካልን ይነካል?

"ይህ ሁሉ ጥሩ ወሬ ነው፤ ማስረጃው የታለ?" የሚል የሳይንስ ተማሪ እዚህ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ጥናት አወጣ። በፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። በዕድሜ፣ በፆታና በመሳሰለው የሚመሳሰሉትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በ23 ጥንድ መደባቸው። ከእያንዳንዱ ጥንድ የአንዱ ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች ያሳያል፤ የሌላው መስኮት ወደ ጡብ ግድግዳ። ውጤቱ ምን ሆነ? ዛፍ የሚያዩት በአማካይ ከ7.96 ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ጡብ የሚያዩት 8.70 ቀን ቆዩ። ዛፍ የሚያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር።

በ1993 ደግሞ ኡልሪክና ባልደረቦቹ ስዊድን ውስጥ በኡፕሳላ ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 160 ሰዎች ላይ ሌላ ጥናት አቀረቡ። ለአንዳንዶቹ ዛፍና ውኃ ያለበት ፎቶግራፍ፣ ለአንዳንዶቹ ትርጉሙ ግልጽ ያልሆነ የመስመሮች ሥዕል ፊት ለፊታቸው ተሰቀለ፤ ለሌሎቹ ምንም አልተሰቀለም። ውኃውን የሚያዩት ጭንቀታቸው ቀነሰ። አስገራሚው ነገር፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች የሞሉበትን ሥዕል እንዲያዩ የተደረጉት ምንም ካልተሰቀለላቸው ይልቅ ተጨነቁ! እንግዲህ የተገኘው ሁሉ አይሰቀልም ማለት ነው። በሕመም ላይ ያለ ሰው ሥዕሉን ሸሽቶ የትም መሄድ አይችልም፤ አልጋው ላይ ነውና።

እነዚህ ሁለት ጥናቶች ስለሚታይ ነገር እንጂ ሕሙማን ራሳቸው ስለሚሠሩት ሥዕል አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በኪነ ጥበብና በጤና ዙሪያ የተጻፉ ከ900 በላይ ጽሑፎችን የዳሰሰ ሪፖርት አውጥቷል። መሣል፣ መዝፈን፣ መደነስና የመሳሰሉት በሽታን በመከላከልም ሆነ የታመመን ሰው በመርዳት ረገድ ጠቃሚ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል ሪፖርቱ ያስረዳል። ከመድኃኒት ጎን ለጎን ማለት ነው፤ በመድኃኒት ፋንታ አይደለም።

የራስን አካል መሣል

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ ወደ ኤች አይ ቪ እንምጣ። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን አጠገብ የሚገኘው ካዬሊቻ የተባለ የድሆች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እዚያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መስጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ መንግሥት መድኃኒቱን ለሕዝቡ በሰፊው አያድልም ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን የጀመሩት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ብዙ ጥያቄም ነበራቸው። "ይህ ክኒን ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? በእርግጥ እኖራለሁ?" ይሉ ነበር።

በ2002 ባምባናኒ የተባለ የሴቶች ቡድን ከሠዓሊዋ ጄን ሰለሞን ጋር አንድ ሥራ ሠራ። አንዷ ሴት ትልቅ ወረቀት ላይ ትተኛለች። ጓደኛዋ የአካሏን ዙሪያ በእርሳስ ትከተልላታለች። ከዚያ ሴትዮዋ ተነሥታ ያንን በራሷ ቁመት የተሣለ አካል በቀለም ትሞላዋለች። ጠባሳዋን ትሥላለች። ቫይረሱ ሰውነቷ ውስጥ የት እንዳለ በራሷ ምልክት ታሳያለች። ጥንካሬ የሚሰማት የት እንደሆነ ታመለክታለች። ከጀርባዋ ደግሞ የሌላ ሰው ጥላ ይሣላል፤ የደገፋት ሰው ጥላ። እነዚህ ሥዕሎች "የአካል ካርታ" ይባላሉ።

ሥዕሎቹ በ2003 በመጽሐፍ ወጡ። በሽፋኑ ላይ በደራሲነት የተጠቀሰው ማን መሰላችሁ? የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆናታን ሞርጋንና የሴቶቹ ቡድን፣ ጎን ለጎን። ሥራው የእነሱ ነውና! ለሌሎች ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ ሰዎችም ሥዕሎቹ አንድ ነገር ተናገሩ፦ "እኔም እንዳንቺ ፈርቼ ነበር፤ ይኸው አለሁ።" አንድ ሕመምተኛ የሣለው ሥዕል ለቀጣዩ ሕመምተኛ የሚያደርሰው መልእክት ይህ ነው። ይህን መልእክት ሐኪም ቢናገረው ምክር ይሆናል። ያለፈበት ሰው ሲናገረው ግን ምስክርነት ነው።

እኛ አገርስ?

አገራችንን ካነሳን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኘውን አለርት ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ለብዙ ዘመን ከሰፈርና ከዘመድ ተገልለው ኖረዋል። በዚያው አካባቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እናቶች የሚሠሩት ጥልፍ ግን ከአገር ውስጥም ከውጭም ገዢ ያገኘ ሥራ ነው። ጣቱ የተጎዳ እጅ የጠለፈውን ጌጥ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ቢያንስ ለአፍታ ስለዚያ እጅ በሌላ መልኩ ያስባል።

በኤች አይ ቪ ረገድ ደግሞ ግድግዳዎቻችን ምን ሲናገሩ እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ የዘመቻ ዓመታት ሰውን ለማስጠንቀቅ ተብሎ የራስ ቅልና የሞት ምልክት ያለባቸው ፖስተሮች ይሠሩ ነበር። ሐሳቡ ለበጎ ነበር። ነገር ግን ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ክትትል ለማድረግ መጥቶ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ የሚያየው የራሱን መቃብር ሆነ። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሁኔታው ተለወጠ። ዛሬ መድኃኒቱን በየቀኑ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ይማራል፤ ይወልዳል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደና እዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። እንግዲህ ግድግዳውም ይህን የዘመኑን እውነት ይናገር!

የማን ሥዕል? በማን ፈቃድ?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። እባካችሁ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

እንበልና የእናንተ ክበብ ለዓለም የኤድስ ቀን በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የሥዕል ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። መድኃኒት ከሚወስዱት ወጣቶች መካከል አንዲት የእናንተ ዕድሜ ልጅ ቤቷን ሣለች። ቆንጆ ሥዕል ነው። እናንተም በደስታ ከሥሩ ስሟንና ሰፈሯን ጽፋችሁ ኮሪደሩ ላይ ሰቀላችሁት። በማግሥቱ የጎረቤት ሴትዮ እህታቸውን ለመጠየቅ ሲመጡ ሥዕሉን አዩ። "ውይ፣ የእነ እንትና ልጅ አይደለችም እንዴ?" አሉ። ልጅቷ ማታ ቤቷ ስትገባ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ወደዚያ ሆስፒታል የምትመለስ ይመስላችኋል? ባትመለስስ መድኃኒቷን ከየት ታገኛለች? መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ እንደገና እንደሚበዛበት ታውቃላችሁ። አያችሁ፣ በጎ ሐሳብ ያለው አንድ ፕላስተርና አንድ ስክሪፕቶ የሰው ሕይወት ሊጎዳ ይችላል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ትክክል፤ አባቶቻችን ብለዋል። ግን ተረቱ ለሐኪምህ ንገር ማለቱ ነው እንጂ ለመንደሩ ሁሉ አውጅ ማለቱ አይደለም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ደንግጓል። ራሱን ገልጦ የሚያስተምር ሰው ጀግና ነው። ያልገለጠው ደግሞ ፈሪ አይደለም፤ የራሱን ጊዜና የራሱን ሰው የሚመርጥ ሰው ነው። ምርጫው የእሱ እስከሆነ ድረስ ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል።

ሥዕሉም እንደዚያው ነው። ሠዓሊው ፒጃማ ለብሶ አልጋ ላይ ስለተኛ ሥራው የሆስፒታሉ ወይም የክበቡ ንብረት አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕል ሥራን ይጠብቃል። ሠዓሊው ስሙ እንዲጠቀስ፣ ሳይጠቀስ እንዲቀር ወይም በብዕር ስም እንዲቀርብ የመምረጥ መብት አለው። ስለዚህ ማንም ሥዕል ከመሰቀሉ በፊት አራት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦

1. ሥዕልህ እንዲሰቀል ትፈልጋለህ? (እምቢ ማለት ይቻላል፤ ምክንያት አይጠየቅም።)

2. ስም ይጻፍበት? እውነተኛው ስም፣ የብዕር ስም ወይስ ምንም?

3. የት ይሰቀል? ለምን ያህል ጊዜ? ፎቶ ቢነሣና ስልክ ላይ ቢለቀቅ ትፈቅዳለህ?

4. ነገ ሐሳብህን ብትለውጥ ሥዕሉ ወዲያው እንደሚወርድ ታውቃለህ?

ሠዓሊው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ወላጅ ቢፈቅድ እንኳ ልጁ "አይሆንም" ካለ አይሰቀልም።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ። የኤች አይ ቪ ክትትል የሚያደርጉትን ለይቶ ከማሣል ይልቅ የሆስፒታሉ ሕሙማን ሁሉ ይሣሉ። እግሩ የተሰበረውም፣ የስኳር ሕመም ያለበትም፣ ወልዳ የተኛችውም። ሥዕሎቹ ተቀላቅለው ሲሰቀሉ ማንም የማንን ሕመም ከግድግዳው ላይ ማንበብ አይችልም። መገለልን መከላከል ማለት አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቀላል ብልሃት ነው።

ክበባችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?

"እኛ ሠዓሊ አይደለንም፤ ገንዘብም የለንም" እንዳትሉ! የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ክራዮን፣ ያገለገለ ካርቶንና ወረቀት ነው። መጀመሪያ የክበብ ተጠሪ መምህራችሁን ይዛችሁ የሆስፒታሉን ኃላፊ አነጋግሩ። ያለ ፈቃድ ወደ ሕሙማን ክፍል አይገባም። የትኛው ሕመምተኛ ማረፍ እንዳለበት፣ የትኛው መጫወት እንደሚችል የምታውቀው ሲስተሯ ናት፤ እሷን ስሙ።

ገብታችሁ ስትቀመጡ "ምን ያምዎታል?" ብላችሁ አትጀምሩ። "እማማ፣ እርስዎ ያደጉበት አገር ምን ይመስላል?" በሉ። መጻፍ የማይችሉ እናት መሣል ይችላሉ። እጃቸው የደከመ አባት እሳቸው እየነገሯችሁ እናንተ ልትሥሉላቸው ትችላላችሁ። "ያምራል"፣ "አያምርም" የሚል ማርክ አትስጡ። ፈተና አይደለም። መሣል የማይፈልግም አይገደድ፤ ዝም ብሎ መተኛትም መብት ነው።

ስለ ንጽሕናም አንድ ነገር ልበል። ኤች አይ ቪ በእርሳስ፣ በብሩሽ፣ በወረቀት ወይም ጎን ለጎን በመቀመጥ አይተላለፍም። ይህን ፍርሃት ቤታችሁ ትታችሁ ሂዱ። ሳንባ ነቀርሳ ግን በአየር ስለሚተላለፍ ሥራው መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ወይም ደጅ ጥላ ሥር ይሁን፤ ሐኪሙ የከለከለው ክፍል አይገባም። የሚሰቀለው ሥዕል አቧራ እንዳይዝ በሚጸዳ ላስቲክ ይሸፈን። የደም፣ የሬሳ፣ የሚያስፈራ ነገር ሥዕል ሕሙማን በተኙበት ክፍል አይሰቀል። እንዲህ ያለውን ሥዕል የሣለ ሰው ካለ ግን አትቅደዱበት። ለነርሷ ወይም ለአማካሪ ባለሙያው እንዲያሳይ አበረታቱት፤ ምናልባት በአፉ መናገር ያልቻለውን እየነገራችሁ ነው።

ጥቅሙን እያደር ታዩታላችሁ። ካርድ ክፍሏ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ከገጠር ለመጡ አባት "በኮሪደሩ ሂደው ወደ ግራ" ከማለት "ቀይ በሬ የተሣለበት ጋ ሲደርሱ በስተግራ ያለው በር" ትላቸዋለች። ፊደል ያልቆጠረ ሰው መንገዱን ያገኛል። ተኝቶ የወጣ ሰው ለቀጠሮ ሲመለስ ሥዕሉ መኖሩን ያያል። ለቀጠሮው የሚመጣበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል ማለት ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ "መድኃኒትና አልጋ በሚያንስበት ሆስፒታል ሥዕል ምን ያደርጋል?" ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አንድ ብር ብቻ ካለና ወይ ለመድኃኒት ወይ ለቀለም ከሆነ ለመድኃኒት ይሁን። እኔም በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ያለቀ ደብተር ጀርባና አንዲት እርሳስ የማንንም መድኃኒት አይነኩም። እናንተ ቅዳሜ ከሰዓት የምትሰጡት ሁለት ሰዓትም ከሆስፒታሉ በጀት አይቀነስም።

ውድ ተማሪዎች፣

በክበባችሁ "መገለልና መድሎ ይቁም!" የሚል መፈክር ብዙ ጊዜ ጽፋችኋል። መፈክሩ ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ከመፈክሩ በታች ግን አንድ ሥራ አለ። ከታመመ ሰው አጠገብ ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ እርሳስ ማቀበል፣ "ልስቀለው?" ብሎ መጠየቅ፣ "አይ" ካለም "እሺ" ብሎ ሥዕሉን ለባለቤቱ መመለስ። ሰው መሆኑን የምትነግሩት በዚህ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ጊዜ አለን።